ለካሮ ሻንሲ የሚሆን ቱቦላሬ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይቆረጣል?

ካሮ ለካምፕ ነዋሪ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ውኃው፣ ማገዶው፣ የራሽኑ ከረጢት፣ አንዳንዴም የታመመ ሰው የሚጓጓዘው በእርሱ ነው። አህያና ካሮ ያለው ቤተሰብ የዕለት ገቢ አለው፤ የሌለው ደግሞ ለሌላው ካሮ ይከፍላል። ስለዚህም ነው ጥቂት ጎረቤታሞች ዕቁብ ጥለው፣ ወይም ከዘመድ የተላከላቸውን ገንዘብ አዋጥተው ሻንሲውን ራሳቸው ለመሥራት ሲነሡ የምናየው። ሐሳቡ መልካም ነው። የሚያሳስበን ግን ስለ ጎማው፣ ስለ አክስሉና ስለ ብየዳው አብዝተው ይመክሩና ስለ ብረቱ ሳይነጋገሩ ገበያ መውጣታቸው ነው። ብረት አንዴ ከተገዛና ከተቆረጠ በኋላ መመለሻ የለውም።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ስድስት ነዋሪዎች በጋራ ያሠሩት የውኃ ካሮ ሁለት ወር ሳይሞላው ልክ ከአክስሉ በላይ ተሰበረ። በርሜሉ ተንከባለለ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም፤ ዕቁቡ ግን ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር። ሁሉም ጥፋቱን በበያጁ ላይ ጣሉት። እኛ ሄደን ስናየው ብየዳው ደኅና ነው። የተቀደደው ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ሲሆን፣ ስንለካው የግድግዳው ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገዢዎቹ የጠየቁት “40 በ40 ቱቦላሬ” ነበር፤ የተሰጣቸውም 40 በ40 ነው። ነጋዴው አልዋሸም። 40 በ40 የሚባለው ግን የውጭው ልክ ነው፤ ባለ 1.2ም ባለ 3ም ሚሊ ሜትር ግድግዳ በውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። በሚሸከሙት ጭነት ግን ባለ 3ቱ ከባለ 1.2ቱ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል።

ገበያ ከመውጣት በፊት

በመጀመሪያ ስለ ስሞቹ ጥቂት እንበል። በጎንደር፣ በሁመራም ሆነ በአዲስ አበባ ጋራዥ የሠራ ሰው ቱቦላሬ፣ አንጎላሬ፣ ላሜራ፣ ፌሮ ሲባል ያውቃል፤ ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ገዳሪፍ ገበያ ላይ ግን አይሠሩም። እዚያ ቧንቧ ማሱራ ነው፣ አራት ማዕዘኑ ማሱራ ሙረበዓ፣ አንጎላሬ ደግሞ ዛዊያ። ሚዛን ግን በአማርኛም በዐረብኛም ሚዛን ነው፤ ይህ ቃል ወደ ኋላ በጣም ያስፈልገናል።

ለሻንሲ የሚሆነው ብረት ክፍት ወይም ዝግ ነው። ክፍቱ አንጎላሬ ሲሆን፣ ዝጉ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ወይም ክብ ቧንቧ ነው። አንጎላሬ ለመቁረጥም ለመበየድም ይቀላል፤ ድካሙ መጠምዘዝ ላይ ነው። ልዩነቱን በእጅ ለማየት የሚፈልግ የክብሪት ቀፎ ይውሰድ። የውጭ ሽፋኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ለመጠምዘዝ ይሞክር፤ ከዚያም አንዱን ጎን ቀዶ እንደገና ይሞክር። ዝግ የነበረው እምቢ ይላል፤ የተቀደደው እጅ ላይ ይላላል። ብረትም እንዲሁ ነው።

ይህ ለእኛ አገር መንገድ ትልቅ ነገር ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ኡም ራኩባ የገቡ ስደተኞች ያወቁት አፈር፣ ካምፑ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት የገቡትም ያወቁት ይኸው ነው። ቱናይድባ ያላችሁም ከዚህ የተለየ አልገጠማችሁም። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የካሮው አንድ ጎማ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ሌላው ከላይ ይቀራል፤ ሻንሲው ይጠመዘዛል። ጎማው ድንገት ሲወድቅ ብረቱ የሚያገኘው ጫና በሜዳ ላይ ቆሞ ከሚያገኘው እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለጎኖቹና ለአግዳሚዎቹ ቱቦላሬ እንመርጣለን። አህያው የሚገባባቸው ሁለቱ መጎተቻዎች ግን ከክብ ቧንቧ ቢሆኑ ይሻላል፤ ጠርዝ ስለሌለው የእንስሳውን ጎን አይልጥም።

ልኩስ? በእኛ አስተያየት ለአንድ አህያ ካሮ 60 በ40፣ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በቂ ነው። እርሱ ከታጣ 40 በ40 ባለ 3 ለትንሽ ካሮ ይሆናል። 2 ሚሊ ሜትር ለአግዳሚና ለጎን መከለያ እንጂ አክስሉን ለሚሸከመው ጎን አንመክርም። ከ2 በታች የሆነውን ተዉት፤ በኤሌክትሮድ ሲበየድ ይበሳል፣ ባይበሳም ከብየዳው ጥግ ይሰነጠቃል። “እንግዲያስ ለምን 5 ሚሊ ሜትር አንገዛም?” የሚል አይጠፋም። አህያው የሚጎትተው ብረቱንም ነው። በብረቱ ላይ የጨመራችሁት እያንዳንዱ ኪሎ ከምትሸጡት ውኃ ላይ የሚቀነስ ኪሎ ነው።

ከካምፕ ውጭ ለመጓዝ ፈቃድ የሚጠየቅ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ገበያ የሚሄደው የሁሉንም ገንዘብ የያዘ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው እስከዚህ የተጻፈውንና ቀጥሎ ያለውን በሚገባ ይወቅ። ግዢውም መንገዱ በጭቃ ከመዘጋቱ በፊት፣ ማለትም ከሰኔ አስቀድሞ ቢሆን ይመረጣል። ዋጋ አንጽፍም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ይህ ጋዜጣ እጃችሁ እስኪደርስ ያረጃል።

ዓይን ይታለላል፣ ሚዛን አይታለልም

የግድግዳ ውፍረት በካሊብሮ ይለካል። ካሊብሮ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ ከዚህም ሌላ የቱቦላሬው ጫፍ ሲቆረጥ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ወፍራም መስሎ ይታያል። በካሊብሮ የሚለካም ቢሆን ጫፉን መጀመሪያ በሞረድ ያጽዳ።

የተሻለው ዘዴ መመዘን ነው። ብረት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ክብደት አለው፤ ርዝመቱና የውጭ ልኩ ከታወቀ ክብደቱ ውፍረቱን ይናገራል። አንድ ሙሉ ቤርጋ 6 ሜትር ነው፤ እርግጠኛ ለመሆን በሜትሮ ለኩት። 40 በ40 ከሆነ፣ ባለ 1.2 ሚሊ ሜትሩ ቤርጋ 9 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 1.5ቱ 11 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 2ቱ 14 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 3ቱ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 60 በ40 ባለ 2 ሚሊ ሜትር 18 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 3ቱ 26 ኪሎ ገደማ ነው። የአንድ ኪሎ ልዩነት አያስጨንቃችሁ። “3 ሚሊ ሜትር ነው” የተባላችሁት 60 በ40 ቤርጋ 19 ኪሎ ከመዘነ ግን ሌላ ሱቅ ፈልጉ። ገዳሪፍ የሰሊጥ ከተማ ስለሆነች ሚዛን የሚያበድር አይጠፋም። ብረቱን አስመዝኑልን ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነጋዴውም ቢሆን ሰሊጥ ሲገዛ ሳያስመዝን አይገዛም።

ከዚህ በኋላ ቤርጋውን አንድ ጫፍ መሬት ላይ አሳርፋችሁ በአንድ ዓይን በርዝመቱ ተመልከቱት። የተጣመመ ከሆነ ያን ጊዜ ይታያል። በአንድ ጎኑ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የፋብሪካ ብየዳ መስመር አለ፤ ያ መስመር ቀጥ ያለና ያልተከፈተ መሆኑን እዩ። ስትሠሩም መስመሩ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታችኛው ፊት እንዳይውል አድርጉ።

አሮጌ ብረት የሚገዛም አለ፤ አንቃወምም። ላዩን ብቻ የነካ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይወጣል። የሚያሳስበው በውስጥ የበላው ነው። በመዶሻ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያላችሁ ምቱት፤ ድምፁ ድንገት የሚደፈንበት ቦታ ላይ በወፍራም ምስማር ፈትኑት። ጎድጎድ ካለ ያ ክፍል ለሻንሲ አይሆንም።

ጨርሶ መገዛትም መቆረጥም የሌለባቸው ብረቶች አሉ። ከካምፑ የውኃ መስመርና ከመጠለያ የተነቀለ ቧንቧ የሁላችን ስለሆነ ለአንድ ካሮ ሲባል አንድ ሰፈር ውኃ ያጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ከጦርነት የቀረ ብረት ነው። ምንነቱ ያልታወቀ፣ በሜዳ የተገኘ፣ ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ መሰል ነገር አይነካም፣ አይነሣም፣ አይቆረጥም፤ ቦታውን አስታውሳችሁ ለካምፑ ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ልጆች ብረት ለቅመው ሲያመጡም ዋጋ አትስጧቸው፤ ዛሬ ከከፈላችኋቸው ነገ ወዳልተነካ ሜዳ ይሄዳሉ። ነዳጅ የነበረበት በርሜልም ባዶ ቢመስል በውስጡ የቀረው ትነት በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። የእርሻ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ደግሞ ቢታጠብም ለውኃ አይሆንም።

ነጣ ብሎ የሚያብለጨልጭ፣ ዚንክ የተቀባ የውኃ ቧንቧ ለመጎተቻ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ ስለማይዝግ ነው። ሲበየድ ግን ዚንኩ ነጭ ጭስ ይሆናል። ያን ጭስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል። ወተት ከተጠጣ ምንም አያደርግም የሚሉ በያጆች አሉ፤ ወተቱ አይከላከልም። ከብየዳው ቦታ ግራና ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዚንኩን ፍቆ ማስወገድና በገላጣ ቦታ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊት ወደ ጎን በሚወስድበት አቋቋም መሥራት ነው የሚበጀው።

አንድ ቤርጋ ለአንድ ካሮ

ብረት የሚባክነው በመቁረጥ ሳይሆን ሳያሰሉ በመቁረጥ ነው። መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ወረቀት ላይ ይሳል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ60፣ የውጭ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሻንሲ እንውሰድ። 60 በ40 ቱቦላሬን በ60ው አቁመን እንጠቀማለን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያው ብረት ሲጋደም ከሚጎብጠው ይልቅ ሲቆም ወደ ግማሽ ያህል ነው የሚጎብጠው። አንድም ሳንቲም ሳይጨመር የሚገኝ ጥንካሬ ነው፤ ሆኖም አጋድመው የሚበይዱ ብዙ አይተናል።

ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 160 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 3 ሜትር ከ20 ይወስዳሉ። አግዳሚዎቹ በጎኖቹ መካከል ስለሚገቡ ከ90 ላይ የሁለቱን ጎኖች ውፍረት፣ 4 እና 4 ሴንቲ ሜትር፣ እንቀንሳለን፤ 82 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ከአክስሉ በላይ አንድ፤ ሦስቱ 2 ሜትር ከ46 ይሆናሉ። ጠቅላላው 5 ሜትር ከ66 ነው። ከአንድ ቤርጋ ይወጣል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህልም ይተርፋል።

ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ፣ አራት አግዳሚ ያለው ትልቅ ካሮ የሚፈልግ 7 ሜትር ከ28 ስለሚያስፈልገው ሁለት ቤርጋ መግዛት ግድ ይሆንበታል፤ ብዙው ይተርፈዋል። ሁለት ቡድኖች ተባብረው ቢሠሩ ግን ለሁለት ትልልቅ ካሮዎች ሦስት ቤርጋ ይበቃል። ከአንደኛው ሦስት ጎኖች፤ ከሁለተኛው አንድ ጎንና አራት አግዳሚዎች፤ ከሦስተኛው የቀሩት አራት አግዳሚዎች ይወጣሉ። አግዳሚው 92 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሙሉ ቤርጋ ተረፈ ማለት ነው።

ምልክት ሲደረግ ደግሞ መጋዙ ራሱ ብረት እንደሚበላ አትርሱ። የግራይንደር ዲስክ እንደ ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። በቤርጋው ላይ ሁሉንም ምልክት በአንድ ጊዜ ያደረገ ሰው አምስት ጊዜ ከቆረጠ በኋላ 15 ሚሊ ሜትር ሊጎድልበት ይችላል፤ ጉድለቱም አንዱ አግዳሚ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ለክቶ መቁረጥ፣ ከዚያ ከአዲሱ ጫፍ ሌላውን መለካት ነው። ረጃጅሞቹ ቀድመው ይቆረጣሉ፤ ስሕተት ቢፈጠር ጎን የነበረው አግዳሚ ይሆናል፣ አግዳሚ ግን ጎን አይሆንም። አንዱ አግዳሚ በልኩ ከተቆረጠ በኋላ ለሌሎቹ መለኪያ እርሱ ይሁን፤ ሜትሮ በተለያየ እጅ የተለያየ ያነባል።

አቆራረጡ

መስመሩ በአንድ ፊት ላይ ብቻ ከተሠመረ መጋዙ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። በስኳድራ በአራቱም ፊት ዙሪያ አሥምሩ፤ የመጨረሻው መስመር ከመጀመሪያው ጋር በትክክል መገናኘት አለበት። ስኳድራ የሌለው ሰው በላሜራ ወይም በካርቶን ላይ አንድ ጎኑን 30፣ ሌላውን 40 ሴንቲ ሜትር ያሥምር፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ልክ 50 ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ክብ ቧንቧ ላይ ደግሞ ጠርዙ ቀጥ ያለ ወረቀት ጠቅልሉበት፤ የወረቀቱ ጠርዝ በራሱ ላይ ከገጠመ በዚያ ላይ ማሥመር ይቻላል።

በእጅ የሚሠራ ሰው ሰጌቶውን ጥርሱ ወደ ፊት እንዲያይ አድርጎ ያስገባ። ለ3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ምላጭ፣ ለ2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች 32 ጥርስ ያለው ይሁን፤ ጥርሱ ከተራራቀ ቀጭኑን ግድግዳ ይይዝና ይሰበራል። ቱቦላሬውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ አትውረዱበት። አንዱን ፊት ስትጨርሱ አዙሩት፣ ቀጥሎ ያለውን ፊት ቁረጡ፤ መስመሩን እያያችሁ ስለምትሄዱ አይጣመምም። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ጀኔሬተር አይጠይቅም፣ እሳትም አያስነሣም።

በግራይንደር የሚቆረጥ ከሆነ ብረቱ ከሁለቱም ወገን፣ ከመቁረጫው አጠገብ መደገፍ አለበት። መሐሉ ወደ ታች ከሰረገደ የተቆረጠው ክፍተት ይገጥምና ዲስኩን ይነክሳል፤ ዲስኩ ይፈነዳል። የዲስኩ መከለያ አይነቀል። በዲስኩ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት አይነስ። መነጽር ሳይደረግ አይሠራ፤ የፀሐይ መነጽርም ቢሆን ከባዶ ዓይን ይሻላል፣ እንደ ደኅና መነጽር ግን አትመኑት።

ከሁሉ አብልጠን የምንናገረው ስለ እሳቱ ነው። ከግራይንደር የሚወጣው ብልጭታ ብዙ ሜትር ይሄዳል፣ ሲወድቅም ገና ትኩስ ነው። ጎጆዎቻችን ሣርና ሸራ ናቸው፣ በመካከላቸውም ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ሁሉም ነገር ደርቆ ይቆያል። ስለዚህ መቁረጥና መበየድ ከሰፈር ወጣ ብሎ፣ ሣሩ ተጠርጎ፣ ነፋስ በሌለበት በማለዳ ይሁን። ሁለት ባልዲ ውኃና አካፋ አጠገብ ይቀመጥ። አንድ ሰው ሥራው ምንም ሳይሆን ብልጭታው የሚወድቅበትን ብቻ ይመልከት፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ይቆይ። ልጆች ብልጭታ ይወዳሉ፤ ያ ሰው እነርሱንም ያርቅ።

የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ በውስጥም በውጭም በሞረድ ይስተካከል። አግዳሚው ከጎኑ ጋር ሲገጣጠም ክፍተት ካሳየ በያጁ በኤሌክትሮድ ሊሞላው ይፈልጋል፤ አትፍቀዱለት። የተሞላ ክፍተት ሲቀዘቅዝ ይሸበሸብና ሻንሲውን ያጣምማል። ጫፉን እንደገና ሞርዶ ማስገጠም ይሻላል።

ሁሉም ሜዳ ላይ ከተዘረጋ በኋላ፣ ሙሉው ብየዳ ሳይጀመር በየጥጉ አንድ አንድ ነጥብ ብቻ ተበይዶ ይለካ። ከአንድ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሆን አለበት፤ ለ1 ሜትር ከ60 በ90 ሻንሲ 183 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኩል ካልሆነ ረጅሙን ጥግ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ማስተካከል ያን ጊዜ ቀላል ነው። ሳይስተካከል የተበየደ ሻንሲ አክስሉን ያጣምማል፤ ጎማው ወደ ጎን እየተጎተተ ያልቃል፣ አህያውም ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ይታገላል።

አክስሉ ከጎኖቹ ጋር የሚያያዘው ብረቱን በስቶ በሚያልፍ ብሎን ሳይሆን በሚያቅፈው ቅስት ብሎንና በዳዶ ይሁን። በጎኖቹ ላይኛና ታችኛ ፊት ላይ፣ በተለይ በአክስሉ አቅራቢያ ቀዳዳ አይበሳ፤ ጭነቱን የሚሸከሙት እነዚያ ሁለት ፊቶች ናቸው። የተረፈችውን 30 ሴንቲ ሜትር ለሁለት ከፍላችሁ፣ ጫፎቿን በ45 ዲግሪ ቆርጣችሁ፣ የመካከለኛው አግዳሚ ከጎኖቹ ጋር በሚገናኝበት በግራና በቀኝ ደግፉባት። የጎኖቹ ክፍት ጫፎች በላሜራ ይደፈኑ፤ ከየጎኑ በታች፣ ከጫፉ አጠገብ ግን በምስማር ወፍረት ልክ አንድ ቀዳዳ ይተው፤ በክረምት ውስጥ የገባው ውኃ በዚያ ይወጣል።